ቦዲው ወይስ ሌንሱ? ውድ ካሜራ ስለ መግዛትና ስለ መጠቀም ፎቶ አንሺዎች ምን ይላሉ?

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ቤቴ ድረስ መጣ፡፡ ስድስት ዓመት ባንክ የሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በተዋሰው ካሜራ የጓደኞቹን ሠርግ ሲያነሳ የቆየ ወጣት ነው፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው፡፡ እቁብ ወጥቶልኛል፤ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ 400 ሺሕ ብር ይዣለሁ፡፡ የትኛውን ካሜራ ልግዛ?›› አለኝ፡፡ በስልኩ ያሳየኝ 45 ሜጋፒክስል ያለው፣ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ካሜራ ነው፡፡ ብሩ የሚበቃው ለቦዲው ብቻ ነው፡፡ ‹‹ሌንሱስ?›› ስለው፣ ‹‹ለጊዜው እዋሳለሁ›› ሲል መለሰልኝ፡፡

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ምክንያት የሆነኝ ይኸው መልሱ ነው፡፡ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር ዋጋው ያልተነካ ካሜራ እንኳ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፡፡ ስለዚህ በምርጫ መሳሳት እንደ ድሮው ‹‹ሸጬ ሌላ እገዛለሁ›› ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፡፡ ልጁን ሁለት ሳምንት እንዲታገሠኝ ለምኜ በሙያው የማውቃቸውን ሦስት ሰዎች ጠየቅሁ፡፡ አንደኛው ሠርግ የሚያነሱ ናቸው፡፡ ሁለተኛዋ ለመጽሔትና ለእርዳታ ድርጅቶች ከክልል ክልል እየተዘዋወሩ ይሠራሉ፡፡ ሦስተኛው ስቱዲዮ ውስጥ የምግብና የዕቃ ማስታወቂያ ፎቶ ያነሳሉ፡፡ ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፡፡ የሠርግ ባለሙያው ምክንያት፣ ‹‹ደንበኞቼ ካሜራዬ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ካወቁ ዋጋ ያወርዱብኛል›› የሚል ነው፡፡

ከቦዲው እንጀምር፡፡ ነጋዴው ‹‹ፕሮፌሽናል›› ከሚላቸው ካሜራዎች አብዛኞቹ ‹‹ፉል ፍሬም›› ናቸው፡፡ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ላይካ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባቀረበው የፊልም ካሜራ የተለመደው መጠን ነው፡፡ ‹‹ክሮፕ›› የሚባለው አነስተኛው ሴንሰር የቆዳ ስፋቱ ከዚህ ግማሽ አይሞላም፡፡ ትልቁ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ፣ ጨለም ባለ አዳራሽ አይኤስኦውን 6400 ላይ ስንሰቅለው ምስሉ ላይ የሚታየው አሸዋ መሰል ነጠብጣብ ያንሳል፡፡ ይህን መጠን ወደ ተራው ባለሙያ እጅ ካወረዱት አንዱ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 5ዲ ሲሆን፣ በ2008 የተከተለው 5ዲ ማርክ 2 ደግሞ 21 ሜጋፒክስል ሆኖ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮም ይቀርጽ ነበር፡፡ እኔም በእርሱ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ጦሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ፡፡

ሜጋፒክስልን በተመለከተ ሦስቱም አይለያዩም፡፡ 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ነጥብ ነው፡፡ በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 50 በ34 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ፎቶ ይወጣዋል፤ ይህ ለሠርግ አልበም ይተርፋል፡፡ የ4ኬ ቴሌቪዥን ስክሪን እንኳ የሚያሳየው 8 ሜጋፒክስል ያህል ብቻ ነው፡፡ በአንጻሩ የ45 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ራው ፋይል እስከ 50 ሜጋባይት ይደርሳል፡፡ በአንድ ሠርግ 2000 ፎቶ ያነሳ ሰው 100 ጊጋባይት ተሸክሞ ይመለሳል፤ ከዚያ ሃርድ ዲስኩ፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩ ‹‹ቀይሩኝ›› ይላል፡፡ ‹‹45 ሜጋፒክስል የሚያስፈልገው ለእኔ ነው፤ የእንጀራውን ዓይን አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚያይ ደንበኛ ያለኝ እኔ ነኝ›› ብለው የሳቁት የስቱዲዮው ባለሙያ ናቸው፡፡

ክርክሩ የጦፈው ሌንስ ላይ ነው፡፡ ሌንስ ላይ ‹‹ኤፍ›› ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ሰፊ ነው፡፡ ከኤፍ/4 ወደ ኤፍ/2.8 መውረድ የሚገባውን ብርሃን እጥፍ ያደርገዋል፡፡ ከርካሽ ካሜራ ጋር ተያይዛ የምትመጣው ዙም ሌንስ ስትሳብ ኤፍ/5.6 ላይ ትቆማለች፡፡ ኤፍ/1.8 ከእርሷ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፡፡ እዚህ ላይ ነው የልጁ ሒሳብ የሚፈርሰው፡፡ በውድ ቦዲ ላይ ኤፍ/5.6 ሌንስ የሰካ ሰው፣ ሴንሰሩን ብሎ የከፈለውን ብር ሌንሱ መልሶ ይበላበታል፡፡ ቦዲ በየሦስትና አራት ዓመቱ ይሻራል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ሁለትና ሦስት ቦዲ ያስቀብራል፡፡

የትኛው ሌንስ የሚለው ላይ ግን ሠርግ የሚያነሱትና ተጓዧ ሊግባቡ አልቻሉም፡፡ እሳቸው በ24-70 ኤፍ/2.8 ዙም ይምላሉ፡፡ ‹‹ሙሽራው ከሚዜው ጋር ሲገባ፣ እናቱ እልል ስትል፣ ሁሉም በአሥር ሰከንድ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ እኔ ሌንስ ስቀይር ማን ይጠብቀኛል?›› ይላሉ፡፡ ተጓዧ በበኩላቸው ባለ 35 እና ባለ 85 ሚሊ ሜትር፣ የማይሳቡ የማይገፉ ሁለት ሌንሶች ብቻ ይዘው ይወጣሉ፡፡ ምክንያታቸው ላሊበላ ነው፡፡ ከአለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃን የሚገባው በትንንሽ መስኮቶች ነው፡፡ የቤተ ማርያምን ጣሪያ ሥዕል የሚያህል ቅርስ ላይ ፍላሽ መተኮስ ደግሞ ነውር ነው፡፡ ‹‹ኤፍ/1.8 እና ኤፍ/2.8 ወረቀት ላይ ይቀራረባሉ፤ እዚያ ውስጥ ግን ልዩነቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ነው›› ሲሉ ይሟገታሉ፡፡ እኔ ወደ ሠርጉ ባለሙያ አደላለሁ፤ ጀማሪ የጠፋበትን ቅጽበት መልሶ አያገኘውም፡፡ ይሁንና ከዙሙ ጎን አንድ ርካሽ 50 ወይም 85 ኤፍ/1.8 መያዝ የሁለቱንም ክርክር ይፈታል፡፡ ስለ ማረጋጊያ ግን አንድ ነገር ልበል፡፡ ሌንሱ ወይም ቦዲው ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የሚያቆመው የፎቶ አንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ እስክስታ የወረደን ትከሻ አይደለም፡፡ ለትከሻው ሹተሩን 1/250 እና ከዚያ በላይ ማድረግ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ዞሮ ዞሮ ያው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ነው የሚፈለገው፡፡

በውጭ አገር መጻሕፍት እምብዛም የማይገኘው የእኛ ፈተና ነጠላ ነው፡፡ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፡፡ ፍሬሙ በነጭ የሀገር ልብስ ሲሞላ ‹‹ብርሃን በዛ›› ብሎ ያጨልመዋል፡፡ ነጠላው አመድ ይመስላል፤ ጠይም ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል፡፡ ማታ ከጥቁር መጋረጃ ፊት የቆመን ሰው ስናነሳ ደግሞ በተቃራኒው ፊቱን ያነጣዋል፡፡ የመጀመሪያው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ነጭ በበዛበት የመጋለጫውን መጠን አንድ ደረጃ ያህል ወደ ላይ ማድረግ፡፡ ችግሩ ቀትር ላይ ነው፡፡ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ቀጥ ብላ ከአናት ነው የምትወርደው፤ ዓይን ጥላ ውስጥ ይቀበራል፣ ትከሻ ላይ ያለው ነጠላ ይነዳል፡፡ ለፊቱ ብለን ብናበራ የቀሚሱ ጥለት ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይሆናል፡፡ አንዴ የተቃጠለ ጥለት በየትኛውም ሶፍትዌር አይመለስም፡፡ የጨለመ ፊት ግን፣ ፎቶው በራው ከተነሳና ሴንሰሩ ጥሩ ከሆነ፣ ብዙ ሊነሳ ይችላል፡፡ ውድ ካሜራ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ መሆኑን ሦስቱም ያምናሉ፡፡

አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው፡፡ የሠርጉ ባለሙያ ቀትር ላይ ፍላሽ እያበሩ ጥላውን ይሞላሉ፡፡ ተጓዧ ፍላሽ አይወዱም፤ ሰዎቹን ዛፍ ወይም በረንዳ ሥር ያስጠጓቸዋል፣ ካልሆነም እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይጠብቃሉ፡፡ የስቱዲዮው ባለሙያ የሚመክሩት በካሜራው ስክሪን ድምቀት እንዳንታለል ነው፤ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ከፍተን፣ ጥለቱ ላይ መብረቅረቅ እስኪያቆም ብርሃኑን ዝቅ ማድረግ፡፡

አሁን ወደ ጦሱ፡፡ ጥር 2003 ዓ.ም. የአንድ የሥራ ባልደረባዬን እህት ሠርግ አነሳሁ፡፡ 5ዲ ማርክ 2 የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ነው፡፡ በሳምንቱ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ካርድ ላይ 32 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፏል፤ ውስጡ ግን 8 ብቻ የሚይዝ ሐሰተኛ ኖሯል፡፡ ሳነሳ እያንዳንዱ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይል ስለነበር አንዳች አልጠረጠርኩም፡፡ ማታ ኮምፒዩተር ላይ ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ 300 ያህል ብቻ ተገኙ፤ ሙሽራዋ ስትኳኳል፣ ጫማዋ፣ አበባዋ፡፡ የተቀረው ፋይል ስሙ እንጂ ምስሉ የለም፡፡ የጠፋው ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስትስምና እሳቸው ሲመርቋት ያነሳሁት ነበር፡፡ አባትየው ታመው ስለነበር ያን ቀን ተደግፈው ነው የወጡት፤ ፋሲካን ሳይደርሱ አረፉ፡፡ ገንዘቡን መለስኩ፡፡ ልጅቷ እስከ ዛሬ ስንገናኝ ስለ ፎቶው አንስታብኝ አታውቅም፡፡

ከዚያ ወዲህ ሁለት የካርድ ማስገቢያ በሌለው ካሜራ ሠርግ አላነሳሁም፤ እያንዳንዱ ፎቶ እዚያም እዚህም እኩል ይጻፋል፡፡ ያገለገለ ካሜራ የሚገዙ አንባቢያን ይህን ቢያጣሩ መልካም ነው፡፡ 5ዲ ማርክ 3 (2012 እ.ኤ.አ.) ሁለት አለው፡፡ የመጀመሪያው ሶኒ ኤ7 (2013) እንዲሁም በ2018 የወጡት ካኖን ኢኦኤስ አር፣ ኒኮን ዜድ6 እና ዜድ7 ያላቸው አንድ ብቻ ነው፡፡ አዲስ ካርድም ከሥራ በፊት እስከ አፉ ሞልቶ፣ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ የመጨረሻዋን ፎቶ ሳይቀር ማየት ይገባል፡፡

መስታወት ያለው ካሜራ ወይስ ሚረርለስ የሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ ብዙ አያከራክርም፡፡ አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ አዙረዋል፤ ኒኮን በ2021 ያወጣው ዜድ9 ሜካኒካል ሹተር እንኳ የለውም፡፡ ዓይንን ፈልጎ ፎከስ ማድረጉና በተክሊል ሰዓት ድምፅ አለማሰማቱ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ሆኖም በኤልኢዲ መብራት በደመቀ አዳራሽ ድምፅ አልባውን ሹተር የተጠቀመ ሰው ፎቶው ላይ ተጋድሞ የሚታይ ሽንትር ሊገጥመው ይችላል፡፡ የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ማድረግ፣ አለዚያም ወደ ሜካኒካሉ መመለስ ብዙ ጊዜ ያድናል፡፡ የድሮ ሌንስ ያላችሁም አትጣሉት፡፡ ካኖን ከ1987 ጀምሮ የሠራቸው የኢኤፍ ሌንሶች በአዳፕተር አዲሶቹ ላይ ይሠራሉ፡፡ በኒኮን በኩል ግን በቦዲው ሞተር የሚዞሩት አሮጌዎቹ ሌንሶች በአዳፕተሩ ላይ በእጅ ብቻ ነው ፎከስ የሚያደርጉት፡፡

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቁ፤ 5ዲ ማርክ 3 ለ150,000፣ ኒኮን ዲ850 ለ200,000 ተብሎ የተሠራ ነው፡፡ ሌንሱን በስልክ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡን እዩ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት፡፡ ክረምት ላይ ቁምሳጥን ውስጥ በቆዳ ቦርሳ የተቀመጠ ሌንስ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃና ጥቂት ሲሊካ ጄል ይበቃል፡፡ አቧራ ባለበት ሌንስ ስትቀይሩ ቦዲውን ወደ መሬት ድፉት፡፡ ሴንሰር ላይ በአፍ ‹‹እፍ›› ማለት ምራቅ መርጨት ነው፡፡

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ያገለገለ ባለ 24 ሜጋፒክስል ሶኒ ኤ7 3፣ ያገለገለ 28-75 ኤፍ/2.8 የታምሮን ዙም፣ 85 ኤፍ/1.8፣ አንድ ፍላሽና አራት ካርድ ገዛ፤ ጥቂት ብርም ተረፈው፡፡ በዚያው ዓመት ጥር ሦስት ሠርግ አንስቶ አሳየኝ፡፡ በሁለተኛው ላይ የሙሽራዋ እናት ቀሚስ ጥለት ተቃጥሏል፤ ካሜራውን ራው ላይ ማድረግ ረስቶ ኖሯል፡፡ ሦስተኛው ጥሩ ነው፡፡ ከባንኩ ግን ገና አልለቀቀም፤ ለሠርጎቹ የወጣው በዓመት ፈቃዱ ነበር፡፡