የሆላንድ ረሃብ እና የእኛ ስኳር

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ስኳር በሽታ ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ግን ሆላንድ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ያዙ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

የድሮው የሥነ ምግብ ሳይንስ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ምን ጎደለ? የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ በ1747 ድዳቸው የሚደማ መርከበኞችን በብርቱካንና በሎሚ አዳነ። በ1912 ካሲሚር ፉንክ «ቪታሚን» የሚለውን ስም አወጣ። የጎደለውን ፈልግ፣ ስጠው፣ ይድናል። ጥሩ ሳይንስ ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ዘግይቶ መጣ፦ መቼ ጎደለ?

መስከረም 1944 የተባበሩት ኃይሎች ሆላንድን ከናዚ ለማስለቀቅ ሲገፉ፣ ለንደን ተሰዶ የነበረው የሆላንድ መንግሥት የባቡር ሠራተኞች አድማ እንዲመቱ ጠየቀ። መቱ። ጀርመኖች በበቀል ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የሚገባውን ምግብ ዘጉ። ቆይተው እገዳውን ሲያላሉት ደግሞ ብርዱ ከረረና ቦዮቹ በረዶ ሆኑ፤ ጀልባ ንቅንቅ አይልም። አምስተርዳም ውስጥ የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ በባሰው ጊዜ ከ400 እስከ 800 ነበር። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። ወደ 20,000 ሰው አለቀ። ግንቦት 1945 ነፃ ሲወጡ ምግብ ወዲያው ገባ።

(ከተራቡት አንዷ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በኋላ ዓለም ያወቃት የፊልም ተዋናይ ኦድሪ ሄፕበርን። በ1988 ዩኒሴፍን ወክላ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ እኛ አገር ነው፤ መቀሌ ድረስ ሄዳለች። ለካሜራ ብላ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።)

ይህ ረሃብ ለሳይንስ ልዩ የሆነው የጀመረበትም ያበቃበትም ጊዜ በግልጽ ስለሚታወቅ ነው። በዚያ ላይ ሆስፒታሎቹ በዚያ ሁሉ መከራ መሐል ሕፃናትን እየመዘኑ መመዝገብ አላቋረጡም። ስለዚህ ማን በስንተኛ ወሩ በእናቱ ማኅፀን እያለ እንደተራበ መቁጠር ይቻላል። አፓርታይድን ተቃውመው ከደቡብ አፍሪካ የተሰደዱት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ማርቪን ሱሰርና ዚና ስታይን፣ ለውትድርና የተመረመሩ 300,000 ገደማ የሆላንድ ወጣቶችን መዝገብ ይዘው ተቀመጡ። በ1976 ከባልደረባቸው ጋር ያወጡት ውጤት ሰውን አስገረመ፦ በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡት ወጣቶች ከሌሎቹ ይልቅ ወፍራም የሆኑት በዝተው ተገኙ። በመጨረሻዎቹ ወራትና በተወለዱ ሰሞን የተራቡት ደግሞ በተቃራኒው። በ1998 የወጣው ሌላ ጥናት፣ በማኅፀን የተራቡት 50 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሰውነታቸው ስኳርን በደንብ እንደማይቆጣጠር አሳየ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ዴቪድ ባርከር የሚባል ሐኪም ሌላ መዝገብ አገኘ። ሃርትፎርድሺር በሚባል አውራጃ፣ ማርጋሬት በርንሳይድ የምትባል የነርሶች ኃላፊ ከ1911 ጀምሮ የሚወለደው ሕፃን ሁሉ ሲወለድና አንድ ዓመት ሲሞላው እንዲመዘን አድርጋ ነበር። ባርከር 5,654 ወንዶችን ተከታትሎ በ1989 እንዳሳተመው፣ በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው ዝቅ ያለው በልብ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። እኔ መሐንዲስ ስለነበርኩ ለእሷ ነው ኮፍያዬን የማነሳው። መዝገቡን ማን እንደሚጠቀምበት ሳታውቅ በትክክል ያዘች።

ኮንክሪት የሠራችሁ ታውቃላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ካልጠጣ፣ ወር ቆይታችሁ ብታጥለቀልቁት ያጣውን ጥንካሬ አትመልሱለትም። ሰው ግን ኮንክሪት አይደለም፣ ይህንንም የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ሌኒንግራድ በናዚ ተከባ ከ1941 እስከ 1944 ስትራብ በማኅፀን የነበሩ ሰዎች በ1990ዎቹ ሲመረመሩ፣ እንደ ሆላንዶቹ ያለ የስኳር ችግር አልታየባቸውም። አንዱ ማብራሪያ፣ እዚያ ከከበባው በኋላም ጥጋብ አልመጣም፤ ሆላንድ ግን ጠገበች። በማኅፀን ለችግር የተዘጋጀ አካል ድንገት ጥጋብ ውስጥ ሲገባ ነው የሚቸገረው።

እንግዲህ እኛ ማንን እንመስላለን? ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ የምናወራው ስለ መድኃኒትና ስለ ስኳር መለኪያ ከሆነ ቆይቷል። ብዙዎቻችን አርባዎቹ ውስጥ ነን፤ በ77 ዓ.ም. ድርቅ ዙሪያ የተወለደ ከመካከላችን አለ። ያ ልጅ አድጎ፣ 12 ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ የነዳጅ ማደያ ዶናት እየበላ ነው። እስራኤል በገቡ ወገኖቻችን ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከመጡ በኋላ ስኳር በፍጥነት እንደጨመረባቸው ያሳያሉ። «ቀጭን ነኝ፣ ስኳር አይነካኝም» የምትሉ፣ ቅጥነት እዚህ ላይ ዋስትና አይደለም። ለሐኪማችሁ የት፣ መቼና በምን ዓይነት ጊዜ እንደተወለዳችሁ ንገሩት፤ ፈረንጅ ሐኪም ካልነገራችሁት በራሱ አይጠይቅም።

ለወጣቶቹ ደግሞ አንድ ነገር። ነፍሰ ጡር ሆና ሁለት ወር ሙሉ ሑዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ የምትጾም እህት አውቃለሁ፤ ባልዋም በኩራት ያወራል። እኔ ኩራት አልለውም። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ለነፍሰ ጡር የሚያዝኑ አባቶች ብዙ ናቸው።

አገር ቤት በ2016 በተደረገው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መንግሥት በ2015 በሰቆጣ ስም ቃል ሲገባ፣ እስከ 2030 ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ላይ መቀንጨርን አጠፋለሁ ብሏል። ያ ቃል ከተገባ በኋላ ጦርነት መጣ፣ ድርቅ መጣ። እነዚያ ልጆች አርባ ሲሞላቸው ማን እንደሚመዘግባቸው እንጃ።