ሕጉ ከጸደቀ በኋላ ልጆቹን ፍለጋ

ኦገስት 5 ቀን 1997 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን አንድ ትልቅ የበጀት ሕግ ፈረሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሕጉ ውስጥ ከገቡት ነገሮች አንዱ በኋላ በአጭሩ «ቺፕ» ተብሎ የታወቀው የሕፃናት የጤና መድን ፕሮግራም ነበር። ያን ጊዜ በአሜሪካ 10 ሚሊዮን ያህል ልጆች ምንም ዓይነት የጤና መድን አልነበራቸውም። ለፕሮግራሙ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚወጣ 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበ።

ገንዘቡ ተገኘ፣ ሕጉም ጸደቀ። የቀረው ልጆቹን አግኝቶ መመዝገብ ብቻ ነበር። ዋናው ሥራ ግን እሱ ሆኖ ተገኘ። ካለፉት ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ዓመታት የምንማረውም ይህንኑ ነው፦ አንድ ድሃ ልጅ መታከም አለመታከሙን የሚወስነው ማን ይገባዋል የሚለው ሕግ ብቻ አይደለም። የቅጹ ርዝመት፣ የፖስታው አድራሻና ወላጁ የሰማው ወሬም ይወስናሉ።

▪️ ሁለቱ ሴናተሮች

የክሊንተን ሰፊው የጤና ማሻሻያ ዕቅድ 1994 ላይ ከከሸፈ በኋላ ጉዳዩን እንደገና መንካት የሚደፍር ፖለቲከኛ ጥቂት ነበር። ሁለት የማይገናኙ የሚመስሉ ሴናተሮች ግን ተገናኙ። አንዱ የማሳቹሴትሱ ዴሞክራት ቴድ ኬኔዲ፣ ሌላው የዩታው ሪፐብሊካን ኦሪን ሃች ናቸው። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ በሲጋራ ላይ ግብር ጨምሮ ልጆችን ማሳከም። የታሰቡት ደግሞ መካከል ላይ የወደቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ወላጅ ይሠራል፣ ደመወዙ ለድሆች ከተዘጋጀው ሜዲኬይድ ከሚባለው መድን በላይ ነው፣ የግል መድን ለመግዛት ግን አይበቃም።

ሐሳቡም ከባዶ አልተነሣም። ኒውዮርክ፣ ፔንሲልቬኒያና ፍሎሪዳ ከዚያ በፊት የራሳቸውን ፕሮግራም ጀምረው ነበር። ፍሎሪዳ የተማሪዎችን ምዝገባ መሠረት አድርጋ በትምህርት ቤቶች በኩል ስትጀምር ምክንያቷ ግልጽ ነበር፤ ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው።

▪️ መብት ያለው ግን ያልተመዘገበ

ፕሮግራሙ ሲጀመር ባለሙያዎችን ያስደነገጠ አንድ ነገር ነበር። መድን ከሌላቸው ልጆች መካከል ከ4 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊትም ሜዲኬይድ የማግኘት መብት ነበራቸው። አዲስ ሕግ አያስፈልጋቸውም ነበር። ያልተመዘገቡ ብቻ ነበሩ።

ለምን? ሜዲኬይድ 1965 ከተቋቋመ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ከድሆች የገንዘብ ድጎማ ጋር ተያይዞ ኖሯል። ማመልከት የሚፈልግ ሰው ወደ ድጎማ ቢሮ ይሄዳል፣ ወረፋ ይይዛል፣ ብዙ ገጽ ቅጽ ይሞላል፣ ፊት ለፊት ይጠየቃል፤ የልደት ወረቀት፣ የደመወዝ ደረሰኝና የንብረት ማስረጃ ያቀርባል። የሰዓት ሠራተኛ ለዚህ ሲል የቀኑን ደመወዝ ያጣል። ውርደቱም ቀላል አልነበረም። ብዙ ሠርቶ አዳሪ ወላጅ «እኔ ድጎማ ጠባቂ አይደለሁም» ብሎ ይቀር ነበር። 1996 የወጣው የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ሁለቱን ሲለያይ ደግሞ ከድጎማው የወጡ ብዙ እናቶች የልጆቻቸው ሜዲኬይድም አብሮ የተቋረጠ መሰላቸው። በብዙ ቦታም መብቱ ሳለ ተቋረጠባቸው።

ስለዚህ ፍለጋው ተጀመረ። 1999 ላይ ከየትኛውም ግዛት የሚደወልበት ነፃ የስልክ መስመር ተከፈተ። የሮበርት ዉድ ጆንሰን ፋውንዴሽን በሁሉም ግዛቶች መዝጋቢ ጥምረቶችን በገንዘብ ደገፈ። ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በክሊኒክ፣ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ አዳራሽ ቅጽ ይታደል ጀመር። አብዛኞቹ ግዛቶች የፊት ለፊት ጥያቄውን ትተው ጥቂት ገጽ ያለው፣ በፖስታ የሚላክ ቅጽ አወጡ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩ በሚሊዮኖች መጨመር የጀመረው።

▪️ ቴክሳስና ሉዊዚያና

ሁለት ጎረቤት ግዛቶች ነገሩን ከማንም በላይ ያሳያሉ።

ቴክሳስ 2003 በጀት ሲያጥራት ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ የምዝገባ እድሳቱን ከ12 ወር ወደ 6 ወር ማሳጠር ነበር። ጥቅማጥቅምም ቀነሰች፣ ሌላ መስፈርትም ጨመረች። ግማሽ ሚሊዮን የነበሩት የቺፕ ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 300 ሺህ ገደማ ወረዱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ስለበለጸጉ አልወጡም፤ ቅጹ በስድስት ወሩ ሳይመለስ ስለቀረ ነው የወጡት። ግዛቲቱ 2007 ላይ እድሳቱን ለአብዛኞቹ ወደ 12 ወር መለሰችው።

ሉዊዚያና ከአሜሪካ ድሃ ግዛቶች አንዷ ናት። እዚያ ያሉ ሠራተኞች ግን ጥያቄውን ገለበጡት። «ወላጁ ለምን ወረቀት አላመጣም?» ማለቱን ትተው «መንግሥት ራሱ የሚያውቀውን ለምን ወላጁን እንጠይቃለን?» አሉ። የገቢ መረጃውን ከሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያያሉ፤ የጎደለ ካለ ስልክ ይደውላሉ። በእድሳት ጊዜ በወረቀት ጉድለት ብቻ የሚወጡት ልጆች ከአምስት አንድ ያህል ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ አንድ በታች ሆኑ። 2010 ላይ ደግሞ የምግብ ድጎማ መዝገቡን ተጠቅመው በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ልጆችን ያለ አዲስ ማመልከቻ መዘገቡ። ያን ጊዜ ካርዱ በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር፤ ወላጁ ልጁን ሐኪም ዘንድ ወስዶ ሲጠቀምበት እንደ ተስማማ ይቆጠር ነበር።

▪️ ስደተኛው ቤት

ይህ ታሪክ ከሐበሻው ቤትም ይገባል። 1996 የወጣው ያው የድጎማ ሕግ በሕጋዊ መንገድ የገቡ አብዛኞቹ ስደተኞች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሜዲኬይድ እንዳያገኙ ከለከለ፤ ቺፕም ሲቋቋም በዚሁ ደንብ ተያዘ። በጥገኝነት የመጣ ከዚህ ነፃ ነበር። በዲቪ ግሪን ካርድ የመጣ ቤተሰብ ግን፣ አባት ፓርኪንግ፣ እናት ሆቴል እየሠሩ፣ ከአገር ቤት ይዘውት ለመጡት ልጅ አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። አሜሪካ የተወለደው ታናሽ ወንድሙ ግን ዜጋ ስለሆነ ይገባዋል። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ ሁለት ዓይነት ልጅ ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ ግዛቶች ከፈለጉ ይህን የጥበቃ ጊዜ ለልጆች እንዲያነሡ ፈቀደ። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ካነሡት መካከል ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የመሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል።

ሆኖም መብት ቢሰፋም ፍርሃት ይቀድማል። 2019 የትራምፕ አስተዳደር «የመንግሥት ሸክም» የሚሆን ስደተኛ ግሪን ካርድ እንዳይሰጠው የሚያጠብቅ ደንብ አወጣ። ደንቡ የልጆችን ሜዲኬይድና ቺፕን በግልጽ አይቆጥርም ነበር። ወሬው ግን ከደንቡ ቀድሞ ደረሰ። ዜጋ የሆኑ ልጆቻቸውን ሳይቀር ከመድን ያስወጡ ወላጆች ነበሩ። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ቢሆንም፣ 2016 ላይ 4.7 በመቶ የነበረው መድን የሌላቸው ልጆች ድርሻ 2019 ላይ 5.7 በመቶ ደረሰ። ደንቡ 2021 ተሻረ። የተሻረው ግን ደንቡ እንጂ ወሬው አልነበረም።

▪️ ፖስታው

በኮቪድ ዘመን ግዛቶች ማንንም ከሜዲኬይድ እንዳያስወጡ ተደርጎ ነበር። ይህ ማርች 2023 ሲያበቃ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ ትልቅም ትንሽም፣ ከመዝገብ ወጣ። ከሦስቱ ሁለት ያህሉ የወጡት «አይገባቸውም» ተብለው ሳይሆን በአሠራር ምክንያት ነው፤ ቅጹ አልተመለሰም ወይም ደብዳቤው የድሮ አድራሻ ሄዷል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ግን ሁሉም ግዛቶች አንድ ጊዜ የተመዘገበን ልጅ ለ12 ወር ሳያቋርጡ እንዲያቆዩ በሕግ ተገድደዋል። የቴክሳስ ልጆች ከሃያ ዓመት በፊት የከፈሉበት ትምህርት በመጨረሻ የአገር ሕግ ሆነ።

«ድሃ መብቱን አያውቅም» ማለት ቀላል ነው። ታሪኩ የሚለው ግን ሌላ ነው። ወላጆቹ ሰነፍ በነበሩበት ዘመን ልጆች አልወጡም፣ ጎበዝ በሆኑበት ዘመንም አልገቡም። ቅጹ ሲያጥር ገቡ፣ ሲረዝም ወጡ፣ ወሬ ሲያስፈራቸው ሸሹ። መንግሥት ልጅን ማሳከም እፈልጋለሁ ሲል መመዘን ያለበትም በሚመድበው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በሚጠይቀው ወረቀት ጭምር ነው።

እስከዚያው ግን ሁለት ነገር ይታወቅ። የልጆች ሜዲኬይድና ቺፕ ምዝገባ ወቅት የለውም፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ቤት የቀየረ ወላጅ ደግሞ ከሁሉ በፊት አድራሻውን ያስመዝግብ፤ የልጁ ሐኪም ያለው በዚያ ፖስታ ውስጥ ነውና።