ከአንድ አከርካሪ አጥንት የተነሣ ግዙፍ ፍጡር

በ1877 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ ጋርደን ፓርክ በተባለው ሥፍራ፣ ኦራሜል ሉካስ የተባለ መምህር ከአለት ውስጥ ግዙፍ አጥንቶችን ማውጣት ጀመረ። ያገኘውንም ለተመራማሪው ለኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ ይልክለት ነበር። ከተላኩትም መካከል የአንድ አንገተ ረጅም ዳይኖሰር የአከርካሪ አጥንት ስባሪ ይገኝበታል። ኮፕም በ1878 ዓ.ም. ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ የተረፈው ክፍል ቁመት 1,500 ሚሊሜትር መሆኑን ገልጾ፣ አንድ ሥዕልም አክሎ፣ አጥንቱ እጅግ ስስ ስለ ነበረ «ፍራጊሊመስ» ማለትም «እጅግ ተሰባሪ» የሚል የዝርያ ስም ሰጠው።

ስያሜው እንደ ትንቢት ሆነ። የኮፕ ስብስብ በኒው ዮርክ ወደሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከተዛወረ በኋላ፣ ኦዝቦርንና ሙክ የተባሉት ሊቃውንት በ1921 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት አጥንቱ ሊገኝ እንዳልቻለ አስታወቁ፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ተፈርፍሮ ጠፍቶ ይሆናል የሚሉ አሉ። በዚያን ጊዜ ኮፕ ከባላንጣው ከኦትኒየል ማርሽ ጋር አዳዲስ ዝርያዎችን ቀድሞ ለመሰየም ይሽቀዳደም ስለ ነበር፣ ጽሑፉ የችኮላ ሥራ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

እንግዲህ ለሳይንስ የቀረው ማስረጃ አንድ ሥዕልና ጥቂት ቍጥሮች ብቻ ናቸው። ኬኔት ካርፔንተር በ2006 ዓ.ም. እንስሳውን ከዲፕሎዶከስ ጋር በማመሳሰል ርዝመቱን 58 ሜትር ገመተው። በ2014 ዓ.ም. ውድረፍና ፎስተር የተባሉ ተመራማሪዎች 1,500 የሚለው አኃዝ ምናልባት 1,050 ለማለት ተፈልጎ በኅትመት የተሳሳተ ይሆናል ሲሉ ተከራከሩ። ካርፔንተር ግን ልኩን ተቀብሎ ዝምድናውን ለወጠ፤ በ2018 ዓ.ም. እንስሳው ሬባኪሳውሪድ ከተባለው ወገን መሆኑን አመልክቶ፣ ማራፑኒሳውረስ ብሎ እንደ ገና ሰየመው፤ ርዝመቱንም ወደ 30 ሜትር ገደማ ዝቅ አደረገው። አጥንቱ ያው አንድ ሲሆን፣ ርዝመቱ በግማሽ የቀነሰው የሚነጻጸርበት ዘመድ ስለ ተለወጠ ነው።

በመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች በእንዲህ ያለው ጉዳይ ላይ ቢወያዩ መልካም ነው። «58 ሜትር» የሚለው አኃዝ ለብቻው ከተጻፈ ተማሪው ሸምድዶት ይሄዳል፤ ከየት እንደ መጣ ግን አይጠይቅም። በክፍል ውስጥ መምህሩ 1.5 ሜትር የሚሆን መስመር በሰሌዳው ላይ በጠመኔ ያስምር፤ ከዚያም 58 ሜትርና 30 ሜትር በትምህርት ቤቱ ሜዳ በገመድ ይለኩ። ሁለቱም ከዚያችው አንዲት መስመር የወጡ መሆናቸውን ከመናገሩ በፊት፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲጠይቁ ጊዜ ይስጣቸው።