ቡናና አቦል በሰማይ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ቍልቍል ወርዶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ረጅሙን ዳገት ጨርሶ ደጀን ሲደርስ ዐረፍ ብሎ ቡና ይጠጣል። መሽቶ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ሲኒውን ይዞ ወደ ደጅ እንዲወጣ እንመክረዋለን። ደጀን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሰማይ ሁለቱም ወገን ይታይባታል፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በግንቦትም ምሽት የደቡብ መስቀል ከሸለቆው ማዶ ቆሞ። የሎንዶንና የፓሪስ ሊቃውንት ይህን ሁለተኛውን ለማየት ከአገራቸው መውጣት ግድ ይሆንባቸዋል።

ሰማይን መቍጠር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ስለ ብርሃናት ሲናገር፣ ፀሐይ የምትወጣባቸውን 6 የምሥራቅ፣ የምትገባባቸውንም 6 የምዕራብ በሮች ይዘረዝርና ዓመቱን 364 ቀን ያደርገዋል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው። እርግጥ ቍጥሩ ከፀሐይ ዓመት ይጐድላል፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን በ365 ቀን ከሩብ ያሰላሉ። ሆኖም ድካማቸው በዓልንና ጾምን ለመወሰን ነበር እንጂ ኮከብ ስለ ምን እንደሚያበራ ለመመርመር አልነበረም።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የመጣውም ስም ይዞ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት የመሰየም ዕድል ሰጥቶ ስለ ነበር፣ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረውም ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። አቦልን በዐይኑ ያየ ሰው የለም። ተመራማሪዎች በ2001 ዓ.ም. መኖሩን የገለጡት ኮከቡ በፕላኔቱ ስበት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በብርሃኑ ላይ የሚታየውን ጥቃቅን ለውጥ ለክተው ነው። ክብደቱ ከጁፒተር 5 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ አንዱ ዓመቱ ከእኛ 3 ዓመት በጥቂት ያንሳል። ኮከቡ ራሱ ያለ መነጽር አይታይም፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በደጀን ሰማይ በስተ ሰሜን ከፍ ብሎ ያልፋል። ብርሃኑ 200 ዓመት ያህል ስለሚጓዝ፣ ዛሬ የሚደርሰን በዘመነ መሳፍንት የተነሣው ነው።

ደስታችን ጥቂት ኀፍረት የተቀላቀለበት መሆኑን አንሸሽግም። ስም ያወጣ ዘመድ ልጁን ወልዷል አይባልም። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. «ሉሲ» የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር «ድንቅነሽ» በተሰየመችው ትንሽ የሰማይ ዐለት አጠገብ ስታልፍ ያልታሰበች ጨረቃ ተገኘች፤ እርሷም በዲኪካ በተገኘችው ሕፃን ስም «ሰላም» ተባለች። ስሙ የእኛ፣ መሣሪያው የሌላ ነው።

መሣሪያ ፈጽሞ የለንም ማለት ግን አይደለም። በእንጦጦ ተራራ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። አቦል በተሰየመበት በዚያው ወር፣ ታኅሣሥ 10 ቀን፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወንጭፋለች፤ እርሷ ግን ትመለከት የነበረው ወደ ታች፣ ወደ እርሻውና ወደ ደኑ ነው። ለቴሌስኮፖቹ የከተማው መብራት ጠላት ሆኖባቸዋል፤ ስለዚህም የላስታ ተራሮች ለሌላ ጣቢያ ይስማሙ እንደ ሆነ ተጠንቷል። ስለ ጨለማ መጨነቅ ለባለሥልጣን እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ መብራት ያልደረሰው ገበሬ ቢሰማን በእውነቱ ይስቅብናል። ያም ቢሆን መብራቱን ወደ ምድር ብቻ እንዲያበራ ከላይ መጋረድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በደጀን ዳር ሌሊት ለቆመ ሰው የጭነት መኪኖች መብራት በሸለቆው ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ይታየዋል። ከዚያ በላይ እስካሁን ከዋክብት ናቸው።