ሄምፕ ያልተፈተለበት ደጋ፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ የገመድ፣ የከረጢትና የክዳን ታሪክ



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። በአውሮፓና በእስያ የቁሳዊ ባህል ታሪክ ውስጥ ሄምፕ፣ ማለትም ለግንዱ ቃጫ ሲባል የሚዘራው የካናቢስ ዝርያ፣ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ቻይናውያን ወረቀት ሠርተውበታል፤ የአውሮፓ መርከበኞች ሸራቸውንና ገመዳቸውን አግኝተውበታል፤ ገበሬውም ከረጢቱንና የሥራ ልብሱን ከእርሱ ሸምኗል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1533 በወጣ ሕግ ባለ እርሻዎች ከመሬታቸው ጥቂቱን ሄምፕ ወይም ተልባ እንዲዘሩበት አስገድዷል። በእኛ ደጋ ግን ሄምፕ የገበሬው ገመድም ልብስም አልሆነም። ለምን?

አንደኛው መልስ «ተክሉ ስላልታወቀ ነው» የሚል ይሆናል። ይህ መልስ አያጠግብም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ አይደለም) በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ጋያዎች ተመርምረው፣ የካናቢስ ቅሪት እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሞ ወጥቷል። ጋያዎቹ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ግድም እንደሆኑ ተገምቷል። ስለዚህ ተክሉ ለጭስ ታውቋል፤ ለቃጫ ግን አልተፈለገም።

የተልባ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ተልባ ከጥንት ጀምሮ የደጋችን አዝርዕት ነው። በግብፅና በአውሮፓ የዚሁ ተክል ግንድ ተዘፍዝፎ፣ ተቀጥቅጦና ተፈትሎ የተልባ እግር የምንለው ልብስ ወጥቶታል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ትኩረቱን ከሳቡት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ እዚህ ተልባ የሚዘራው ፍሬው ተፈጭቶ እንዲበላ ነው። እኛ በጾም ተልባውን እንጠጣለን፤ ግንዱን እንጥላለን። አንድ ተክል በአንዱ አገር ልብስ፣ በሌላው አገር ምግብ ሆነ።

ከዚህ የምወስደው ሐሳብ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ነው፦ ተክልን ጥሬ ዕቃ የሚያደርገው ተፈጥሮው ብቻ አይደለም። የሰው ፍላጎት፣ የእጅ ዕውቀትና የመጠቀም መብት አንድ ላይ ሲገናኙ ነው ተክል ጥሬ ዕቃ የሚሆነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ተክሉ በቦታው ይቆማል፤ ጥሬ ዕቃው ግን አይኖርም።

አሁን ወደ ደባርቅና ዳባት እንምጣ። ሄምፕ በሌላው ዓለም የሠራቸውን አራት ሥራዎች እዚህ ማን ሠራቸው?

የመጀመሪያው ገመድ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ዐድዋና ምጽዋ የሚወርደው መንገድ የረጅም ዘመን የሲራራ መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ ዳገት ወጥቶ ነበር። በዚህ መንገድ የበቅሎና የአህያ ጭነት የሚታሰረው በቆዳ መጫኛ ነበር። ሞፈርና ቀንበርን የሚያገናኘው ምራንም ቆዳ ነው፤ አልጋውም በጠፍር ይወጠራል። ከብት በበዛበት አገር የገመድ ምንጭ በረት ውስጥ ነበር። ቆዳ የማይበቃውን ደግሞ ልጥ ይሞላዋል፤ የለንቋጣ ልጥ ለጎጆ ማገርና ለአጥር ማሰሪያ ይውላል።

ሁለተኛው ከረጢት ነው። እህል በስልቻና በአቁማዳ ይጫናል፤ ሁለቱም ቆዳ ናቸው። ሦስተኛው ልብስ ነው። ጥጥ ከቆላ ወጥቶ ሸማ ይሆናል፤ ለስሜን ብርድ ደግሞ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሸመናል። በዚህ አካባቢ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በሽመና፣ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቀ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ሥራቸው በሁሉም ቤት ነበረ፤ ክብራቸው ግን በሁሉም ቤት አልነበረም። የእጅ ባለሙያን በመናቅ የኖርነውን ታሪክ ሳናነሣ የቁሳቁስ ታሪክ መጻፍ አንችልም። አራተኛው ወረቀት ነው፤ እርሱንም ብራና ተክቶታል።

ከአራቱ ሌላ ትናንሽ ሥራዎችም አሉ። ስንደዶና አክርማ በሴቶች እጅ ሞሰብና ሰፌድ ይሆናሉ። የኮባ ቅጠል ዳቦ ይጋገርበታል። ሰብል ጠባቂው ልጅ ጭላዳና ዝንጀሮ የሚያባርርበት ወንጭፍ፣ ለቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ፣ ሁሉም የመግመድ ዕውቀት ውጤቶች ናቸው።

ይህን ታሪክ ለማጥናት የሚያስቸግረን ማስረጃው መበስበሱ ነው። ዜና መዋዕሉ በብራና ስለተጻፈ ዘለቀ፤ የብራናውን ጭነት ያሰረው ገመድ ግን አፈር ሆነ። ነገር ግን ሌላ መዝገብ አለን፤ እርሱም ቋንቋችን ነው። ሞቱ የተወሰነበትን ሰው «ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» እንላለን። ልጥ ደርቆ ቢያስሩበት ይሰበራል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በውኃ ይርሳል። ይህን የማያውቅ ሰው አባባሉን ይሰማል እንጂ ምስሉን አያይም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውም ቀጭኑ ክር ሲደራረብ ምን ያህል ኃይል እንደሚያገኝ ካዩ ሰዎች የመጣ ነው።

ስለ ዕውቀት ይህን ካልሁ፣ ስለ መጠቀም መብት ልናገር። በሰሜን ሸዋ መንዝ ያለው የጓሳ ሣር ለጎጆ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይውላል። ሣሩ ይጠበቅ የነበረው ቄሮ በሚባል አገር በቀል ሥርዓት ነው፤ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ በተወሰነ ወቅት ይከፈታል፤ ማን እንደሚያጭድም በትውልድ ሐረግ ይወሰናል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስትን መሠረት ሲያፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ብቻ ነበር አልልም፤ ከሐረጉ ውጭ የሆነውን ያገልል ነበር። ነገር ግን ሣሩንና ተጠቃሚውን በአንድ ደንብ ያስተሳስር ነበር።

ስሜን በሌላ መንገድ ሄደ። ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት፣ በ2016፣ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ዋልያን ማዳን ግዴታችን ነበር፤ ልቅ ግጦሽም እውነተኛ ችግር ነበር። ይህን አልክድም። የታሪክ ባለሙያ ግን ሌላውንም ኪሳራ መመዝገብ አለበት። ሰው ከተራራው ሲወርድ ሣሩ ያገግማል፤ ሣሩን አጭዶ፣ ገምዶ፣ ከድኖ የሚያውቅ እጅ ግን በከተማ ዳር በቆርቆሮ ቤትና በናይሎን ገመድ መካከል ሥራ ይፈታል። ሣሩ ይኖራል፤ ጥሬ ዕቃነቱ ግን ይጠፋል።

ናይሎንን ለመውቀስ አልመጣሁም። ርካሽ ነው፤ በዝናብ አይበሰብስም፤ ገበሬው የመረጠው በምክንያት ነው። የማሳስበው በቅደም ተከተል ላይ ነው። ዛሬ ሄምፕን፣ ሲሳልንና ሌሎች የተፈጥሮ ቃጫዎችን ለአካባቢ ጥበቃ ሲል ዓለም እንደገና እየፈለጋቸው ነው። እኛም ነገ «የተፈጥሮ ቃጫ» ብለን ከውጭ በሚመጣ መመሪያ ልንማር እንችላለን፤ መምህሮቹ ግን በደባርቅ ገበያ በኩል ሲያልፉ ሳንጠይቃቸው ቀርተን።

ስለዚህ ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ለመስክ ሥራ ስትወጡ ስለ ነገሥታቱ ብቻ አትጠይቁ። ልጡ በየትኛው ወር እንደሚላጥ፣ ስንት ቀን እንደሚርስ፣ ስንደዶው መቼ እንደሚለቀም፣ ማን ለማን እንዳስተማረ ጠይቁ። የመሣሪያውን ክፍል ሁሉ በባለሙያው አጠራር መዝግቡ። ከእጅ ባለሙያው ጎን ተቀምጣችሁ አንድ ክንድ ገመድ እስክትገምዱ ድረስ አትነሡ። የሚበሰብሰውን ማስረጃ ማቆየት የምንችለው፣ ሠሪው በሕይወት ሳለ ነው።