አሮጌውን ዴስክቶፕ ከመሸጣችሁ በፊት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። የኮምፒውተር ታሪካችን ግን በዚህ ተረት ላይ አንድ ጥያቄ ያስነሳል፦ የተጻፈውን ልጃችን ሊያነበው ካልቻለ ምኑን ወረሰው?

ጥያቄው ወቅታዊ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የድሮ ማሽን አይቀበልም። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ 8ኛውን ትውልድና ከዚያ ወዲህ የመጡትን ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልም ይጠይቃል። ከቆላድባ እስከ ጎንደር ፒያሳ በየጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በየማኅበሩ ቢሮ የተቀመጡ ብዙ ዴስክቶፖች ይህን አያሟሉም። ስለዚህ ባለቤቱ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ላሻሽለው፣ ልሽጠው ወይስ እንዳለ ልጠቀምበት?

መልሱን ከዋጋ በፊት ከታሪክ ብንጀምረው ይሻላል።

መጀመሪያ የመጣብን ማሽን የጽሕፈት መኪና ነበር። ለላቲን ፊደል የታሰበ መኪና ነው። የእኛ ደግሞ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ቁልፉ አይበቃም። ኢንጂነር አያና ብሩ የሚታወሱት ይህን ችግር ለመፍታት በደከሙት ድካም ነው። በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የገቡት መኪኖች መሠረታዊውን ፊደል ከመቱ በኋላ ቅጥያ እየጨመሩ ይጽፉ ስለነበር መልኩ የተንጋደደ ፊደል ይወጣ ነበር። ቢንጋደድም ወረቀቱ ላይ ያረፈው ፊደል ነው። ያኔ የተመታ የሽያጭ ውል ዛሬም ማንም ያነበዋል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ችግር ተከተለን፤ ልዩነቱ አሁን ከዓይን መሰወሩ ነው። የዚያ ዘመን ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም ላይ የተያዘው ሲቀነስ ፊደላችን ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ አይገባበትም። እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች መላ አመጡ። ፊደላችንን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ አሰፈሩት። ኮምፒውተሩ ውስጥ «ሀ» የሚባል ነገር የለም። እሱ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። ልብሱ ሲወልቅ የሚታየው ዝብርቅርቅ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። አሰፋፈሩም እንደየሠሪው ይለያያል።

ሠሪዎቹን መውቀስ ግፍ ነው። እነሱ ባይኖሩ በዚያ ዘመን በአማርኛ መተየብ ባልቻልን ነበር። ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ3.0 ዕትሙ፣ በ1992 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በማንኛውም ማሽን ላይ የራሱ ቁጥር አለው። ይሁን እንጂ መዝገብ ላይ መስፈር አንድ ነገር ነው፣ ጠረጴዛችን ላይ መድረስ ሌላ። በ1994 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት ይዞ አልመጣም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶው​ስ ጋር አብሮ የመጣው በቪስታ፣ በ1999 ነው። ኤክስፒ ደግሞ ድጋፉ እስከተቋረጠበት እስከ መጋቢት 30 ቀን 2006 ድረስ ከብዙ ጠረጴዛ አልተነሣም።

አሁን ዓመታቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ወረዳኔት ተዘርግቶ የወረዳ መሥሪያ ቤቶች በሳተላይት መገናኘት የጀመሩት በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የጽሑፍ ቤቶችም በየወረዳው ከተማ የበዙት በእነዚያው ዓመታት አካባቢ ነው። ማለትም አገሩ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በተሻገረበት በዚያው ሰዓት፣ እጃችን ላይ የነበረው መጻፊያ ልብስ የለበሰው ፎንት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ሰነዶቻችን፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንቡ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ውሉ፣ የተማሪ ስም ዝርዝሩ፣ ብዙዎቹ የተጻፉት በዚያ መንገድ ነው።

ለዚህ ነው ከኤክስፒ አልላቀቅ ያለውን የጽሑፍ ቤት ባለቤት «ኋላ ቀር» ማለት የማያስኬደው። የሚጽፍበት ሶፍትዌር፣ የለመደው የፊደል ገበታ፣ የዓመታት ፋይሉ ሁሉ እዚያ ነው። ለድሮው ዊንዶውስ ከተሠሩት መጻፊያዎች አንዳንዶቹ በአዲሱ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አልሠራ ብለዋል። ማሽኑን የለወጠው ሰው ደግሞ ፋይሉን በፍላሽ አዛውሮ ሲከፍተው ዝብርቅርቅ ይጠብቀዋል። «ቫይረስ በላው» ብሎ ያጠፋው ጥቂት አይመስለኝም። ፋይሉ ግን ደኅና ነበር፤ የጠፋው ልብሱ ነው። ጥር 5 ቀን 2012 የዊንዶውስ 7 ድጋፍ ሲያበቃም ይኸው ፈተና ተደገመ። አሁን ሦስተኛው ዙር ላይ ነን።

ለጎንደር ሰው ይህ ነገር ይበልጥ ሊከነክነው ይገባል። በ1860 ከመቅደላ እንግሊዞች የወሰዷቸው ብራናዎች ብዙዎቹ አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው ነበሩ። ለንደን የሚገኙትን እነዚያን መጻሕፍት የደምቢያ ዲያቆን ቢያገኛቸው ቁጭ ብሎ ያነባቸዋል። በ1996 ዓ.ም. ቆላድባ ላይ ተተይቧል እንበል አንድ የዕድር ደንብ፤ የልጁ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን አይነበብም። የራቀውን ብራና እያነበብን የቅርቡን ፋይል ማንበብ አቃተን።

እንግዲህ ውሳኔው ላይ እንምጣ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ማሽኑ ላይ ከመወሰናችን በፊት ጽሑፉ ላይ እንወስን።

አሮጌው ዴስክቶፕ እየሠራ ሳለ የቆዩትን ፋይሎች አንድ በአንድ ክፈቷቸው። የፎንቱን ስም እዩ። አማርኛው በትክክል የሚታየው እዚያ ማሽን ላይ ብቻ ከሆነ፣ መጀመሪያ በፒዲኤፍ አስቀምጡት፤ ዋና ዋናውን በወረቀት አትሙ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። መቀየሪያ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ነገር ግን ፊደል ሊያሳስቱ ይችላሉና ከታተመው ጋር አስተያዩት፤ በተለይ የሰው ስም፣ የገንዘብ መጠንና ቀን። የፎንቱን ፋይልም ቅዱ። ቅጂው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከቤት ውጭ። «ኢንተርኔት ላይ እጭነዋለሁ» ብቻውን አይበቃም፤ በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም።

ይህ ካለቀ በኋላ የማሽኑ ጉዳይ ቀላል ነው። ኮር ቱ ዱዎ ከሆነ ብር አታፍስሱበት፤ ከኢንተርኔት ነቅላችሁ ለድሮ ፋይል ማንበቢያ አቆዩት። 4ኛ ወይም 6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ከሆነ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካትና ራሙን 8 ጊጋባይት ማድረስ ዓመታት ይጨምርለታል። ኤስኤስዲው ነገ ወደ ሌላ ማሽን ይዛወራል፤ ዲዲአር 3 ራም ግን ለአዲሶቹ ስለማይሆን በልክ ግዙት። ዊንዶውስ 10ን ማቆየት የፈለገ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቀውን ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ መመዝገብ ይችላል፤ ሊኑክስም አማራጭ ነው። የባንክ ሥራና የደንበኛ መረጃ በኢንተርኔት የሚያንቀሳቅስ ግን ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ያገለገለ ማሽን ቢገዛ ይሻለዋል።

«ዝም ብሎ አዲስ መግዛት ነው» የሚል ካለ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ማለፉን ያስታውስ። ኮምፒውተር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ለትንሽ ከተማ የጽሑፍ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

ማሽን በገንዘብ ይተካል። የአባቶቻችሁን ቃለ ጉባኤና ውል ግን ሻጭ የለውም። በዚህ ሳምንት ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያለውን እጅግ የቆየ የአማርኛ ፋይል ፈልጋችሁ ክፈቱት። ከተነበበ ዛሬውኑ ቅዱት። ይህንንም ጽሑፍ የጽሑፍ ቤት ላለው ወዳጃችሁ አጋሩለት፤ የብዙ ሰው ሰነድ እሱ ጋ ነው።