ዳኛ በቍጣ እንዳይፈርድ፤ የቍስቋም ዘመንና የጐንደር ፍርድ

ከጐንደር በስተሰሜን ምዕራብ በተራራ ግርጌ የሚታየው የቍስቋም ፍርስራሽ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከባለቤታቸው ከዐፄ በካፋ ዕረፍት በኋላ ያሠሩት ግቢ ነው። ስሙም ድንግል ማርያም ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት ከግብፁ ደብረ ቍስቋም የመጣ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጐንደር በደረሰ ጊዜ፣ በፈንጣጣ የታመሙትን የእቴጌይቱን የልጅ ልጆች እንዲያክም የተጠራው ወደዚሁ ግቢ ነበር።

በዚያ ዘመን የዳኝነት መሠረት የነበረው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ የተጠናቀረውና ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ነው። ስለ ዳኞች የሚናገረው 43ኛው አንቀጽ የዳኛውን ዕውቀትና ምግባር ብቻ ሳይሆን የልቡናውንም ሁኔታ ይመለከታል። ዳኛ በተቈጣ ወይም በተራበ ጊዜ ከመፍረድ እንዲታቀብ ያዝዛል፤ የታወከ ልቡና የባለጉዳዩን ነገር አጣርቶ ለመስማት አይችልምና።

ሕጉ ሳይለወጥ ዘመኑ ከፋ። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1762 ዓ.ም. ክረምት ገደማ ዐፄ ተክለ ሃይማኖትን ይዘው ወደ ትግሬ ባፈገፈጉ ጊዜ፣ ባላጋራዎቻቸው በጐንደር ሌላ ንጉሥ አነገሡ። ራስ ሚካኤል በታኅሣሥ 1763 ዓ.ም. ሲመለሱ ፍርዱ የበቀል ፍርድ ሆነ። ዐቃቤ ሰዓት አባ ሰላማ በችሎት ቀርበው፣ ዳኞችም በየተራ ድምፅ ሰጥተው፣ በስቅላት ተቀጡ። የችሎቱ ሥርዐት አልቀረም፤ የጐደለው ሕጉ ከዳኛው የሚሻው የልብ ጸጥታ ነበር።

ብሩስ በጥቂት ቀናት 57 ሰዎች በአደባባይ መገደላቸውን ጽፏል። በሰይፍ የተገደሉት መቃብር ተከልክለው ሬሳቸው በየመንገዱ ተጣለ። የብሩስ የአደን ውሾችም የሰው ራስና ክንድ እየጐተቱ ወደ ግቢው አስገቡ። ብሩስ ጦርነትን ያየ፣ የንጉሡም ባለሟል የነበረ ሰው ሲሆን፣ ይህን ባየ ጊዜ ተስፋ ወደ መቍረጥ መድረሱን አልደበቀም። እንዲህ ያለው ፍርድ የሚጐዳው የተፈረደበትን ብቻ አልነበረም፤ አስፈጻሚውንም፣ ባለሟሉንም፣ በደጃፉ የሚያልፈውንም ያውካል።

በግንቦት 1763 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በሠርባኩሳ ጦርነት ድል ሆነው ተያዙ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. የተተካውም የወንጀል ሕግ፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሥራውን ምንነት ያልተረዳ ተከሳሽ በቅጣት እንዳይጠየቅ ደንግገዋል። እነዚህ የተከሳሹን አእምሮ መርምረዋል፤ ጥንታዊው መጽሐፍ ደግሞ የፈራጁን። የጐንደር ታሪክ ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ ይመሰክራል።